ሳንቲም መሰብሰብ ለሚጀምሩ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ለመጀመር ምን ምን ዕቃ ያስፈልጋል?

ሳንቲም ከመግዛት በፊት መመርመሪያ ዕቃ መግዛት ይቀድማል። ዝርዝሩ አጭር ነው፦ 10 እጥፍ የሚያጎላ የእጅ አጉሊ መነጽር፣ እስከ 0.01 ግራም ለይቶ የሚያሳይ ትንሽ ዲጂታል ሚዛን፣ ስፋትና ውፍረት የሚለካበት ካሊፐር፣ ጠንካራ ማግኔት፣ ጠረጴዛ ላይ የሚነጠፍ ለስላሳ ጨርቅና አንድ የጠረጴዛ መብራት። ካሊፐሩ የፕላስቲክ ቢሆን ይሻላል፤ የብረቱ መንጋጋ ጠርዙን ይጭራል። ከ10 እጥፍ በላይ የሚያጎላ መነጽር ለጀማሪ አንመክርም። የሚያሳየው ቦታ በጣም ስለሚጠብ ሳንቲሙን በሙሉ ማየት ያስቸግራል፤ ማንም የማይቆጥራቸው ጥቃቅን ጭረቶችም እንደ ትልቅ ጉዳት ይታያሉ።

መብራቱ ተራ ነገር ይመስላል እንጂ የምርመራው ግማሽ እሱ ነው። የጣሪያውን መብራት አጥፍተው በአንድ አምፑል ብቻ ይመልከቱ። ብርሃን ከአንድ አቅጣጫ ሲመጣ ጭረት፣ የተፋቀ ቦታና ተሞልቶ የተደፈነ ቀዳዳ ይጋለጣል። ከየአቅጣጫው ሲመጣ ግን ሁሉም ይሸፈናል።

ቀጥሎ ካታሎግ ያስፈልጋል። ካታሎግ የሳንቲሙን ብረት፣ ክብደት፣ ስፋትና የተመታውን (የተሠራውን) ብዛት ይነግርዎታል። የዓለም ሳንቲሞች ብዙውን ጊዜ የሚጠሩት «ኬኤም» በሚባል መለያ ቁጥር ስለሆነ ገና ከመጀመሪያው ይህን ቁጥር መመዝገብ ይልመዱ። ኑሚስታ የተባለው የኢንተርኔት ካታሎግም ለጀማሪ በደንብ ያገለግላል።

ምን ዓይነት ሳንቲም ልሰብስብ?

ያገኙትን ሁሉ መሰብሰብ ለመጀመሪያዎቹ ወራት ዓይን ያስለምዳል። ከዚያ በኋላ ግን ወሰን የሌለው ስብስብ ክምር ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ መጨረሻ ያለው ግብ ይምረጡ። የአንድ አገር ሳንቲሞችን ከእያንዳንዱ ዓይነት አንድ አንድ መያዝ ለጀማሪ ከሁሉ የተሻለው መንገድ ነው፤ ብዙ ንድፍ ያሳያል፣ ብርቅ የሆነውን ዓመት ማሳደድም አያስገድድም። አንድን ሳንቲም በየዓመቱና በየማተሚያ ቤቱ (ሳንቲም በሚመታበት ቦታ) ማሟላት ደግሞ ትዕግሥት የሚፈልግ ሌላ መንገድ ነው። እዚህ ላይ ብዙውን ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ዓመት ብቻ ከቀሩት ሁሉ በላይ ውድ ይሆናሉ። ሳይጀምሩ በፊት እነዚያ ዓመታት የትኞቹ እንደሆኑ ካታሎግ ላይ ይፈልጉ።

አቅም ሳይፈትኑ የሚጀመሩ ጥሩ ርዕሶች ብዙ ናቸው። የዩሮ ሳንቲም 8 ዓይነት ሲሆን አንዱ ገጽ ለሁሉም የጋራ፣ ሌላው የየአገሩ ነው። አሜሪካ ከ1999 እስከ 2008 በየዓመቱ አምስት አምስት እያደረገች በ50 ግዛቶች ስም የመታቻቸው ሩብ ዶላሮችም አሉ። ሁለት ብረት ተጋጥሞ የተሠራ ሳንቲም የሚስብዎት ከሆነ የዘመናዊዎቹ ፈር ቀዳጅ በ1982 የወጣው የጣሊያን 500 ሊሬ ነው፤ ከዚያ ተነስተው በየአገሩ መከተል ይችላሉ።

ከጥንታዊ ሳንቲም መጀመር አይመከርም። ሐሰተኛው ብዙ ነው፤ ሕጉም የተወሳሰበ ነው፤ ሁለቱንም ወደ ታች እንመለስባቸዋለን።

ጽሑፉን ማንበብ አልቻልኩም። የት አገር እንደሆነና መቼ እንደተመታ በምን አውቃለሁ?

አገሩን ለማወቅ ፊደሉን፣ ምስሉን፣ ክብደቱንና ስፋቱን ይዞ ካታሎግ ውስጥ መፈለግ ይበቃል። የሚያሳስተው ዓመቱ ነው፤ ብዙ አገሮች የሚጽፉት በራሳቸው ዘመን አቆጣጠር ነው። በሂጅራ የተጻፈውን በ0.97 አባዝተው 622 ይደምሩበት፤ 1400 የሚል ሳንቲም ወደ 1980 ይመጣል ማለት ነው። ከታይላንዱ ላይ 543 ይቀንሱ። በጃፓን ዓመቱ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ስም ስለሚቆጠር በሾዋ ዘመን ቁጥር ላይ 1925፣ በሄይሴ ዘመን ላይ 1988 ይደምሩ። የኢትዮጵያ ሳንቲም በኢትዮጵያ አቆጣጠር ስለሚጻፍ ከአውሮፓው በ7 ወይም በ8 ዓመት ያንሳል፤ 1969 የሚለው በአውሮፓውያን 1977 አካባቢ ነው። በአረብኛ አኃዝ ደግሞ አምስት ክብ ሆኖ ዜሮ ይመስላል፣ ዜሮው ግን ነጥብ ብቻ ነው። ጀማሪ ሁለቱን አዘውትሮ ያምታታል።

የተጻፈው ዓመት ሁልጊዜ የተመታበት ዓመት አይደለም። ጠገራ ብር እየተባለ የሚታወቀው የማርያ ትሬዛ ብር ላይ ያለው 1780 ንግሥቲቱ የሞተችበት ዓመት ነው። ሳንቲሙ ግን ከዚያ በኋላም ያው ዓመት እየተጻፈበት በቪየና፣ በሮም፣ በለንደን፣ በፓሪስ፣ በብራስልስ፣ በቦምቤይና በሌሎችም ከተሞች ተመትቷል። «1780 ስለሚል ከ200 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው» የሚል ሻጭ ካጋጠመዎት ወይ አያውቅም፣ ወይ እያታለለ ነው። የማተሚያ ቦታውን የሚለዩት በንግሥቲቱ ካባ መያዣ ላይ ያሉትን ጥቃቅን ዕንቁዎች፣ የንስሩን ላባዎችና የጠርዙን ጌጥ እያነጻጸሩ ነው።

ሌላው ምልክት የማተሚያ ቤቱ ፊደል ነው። በጀርመን ሳንቲሞች ላይ ኤ በርሊን፣ ዲ ሙኒክ፣ ኤፍ ሽቱትጋርት፣ ጂ ካርልስሩኸ፣ ጄ ሐምቡርግ ነው። በአሜሪካኖቹ ላይ ግን ዲ ዴንቨር፣ ኤስ ሳን ፍራንሲስኮ ይሆናል። ፊደሉ አንድ ሚሊ ሜትር የማይሞላ ነው፤ የዋጋ ልዩነቱ ግን አንዳንዴ መቶ እጥፍ ይደርሳል። ፊደሉን ከሌላ ሳንቲም ፍቀው የሚለጥፉትም ለዚህ ነው። በፊደሉ ዙሪያ በ10 እጥፍ መነጽር ሲታይ የተለየ ቀለም ወይም ቀጭን ስንጥቅ ካለ ይጠርጥሩ።

ሳንቲም እንዴት ይያዛል?

በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ጠርዙን ብቻ ይዘው፣ ከለስላሳ ጨርቅ በላይ፣ ከጠረጴዛው ብዙ ሳያርቁ። ከጣት የሚወጣው ላብና ቅባት ጨውና አሲድ አለው። መዳብ ላይ ካረፈ በሳምንታት ውስጥ የጣት አሻራው ወደ ብረቱ ሰርጎ ይቀራል፣ ከዚያ በኋላ አይለቅም። ሳንቲሙን ፊትዎ አስጠግተው አያውሩ፤ የምራቅ ፍንጣሪ ጥቁር ነጥብ ይተዋል። የጥጥ ጓንት ብዙ ሰው ይመክራል፤ እኛ አንመክረውም። ያንሸራትታል፣ ውስጡ የገባ አሸዋም ሳንቲሙን ይጭራል። ታጥቦ የደረቀ እጅ፣ ካልሆነም ዱቄት የሌለው የናይትሪል ጓንት ይሻላል።

የቆሸሸ ሳንቲም ላጽዳ ወይ?

አያጽዱ። ጀማሪዎች ከሚያበላሹት ሳንቲም አብዛኛው የሚበላሽበት ቦታ ይህ ስለሆነ ምክንያቱን ዘርዘር አድርገን እንጽፋለን።

ሳንቲም ሲመታ ብረቱ በከፍተኛ ግፊት ከመሃል ወደ ጠርዝ ይፈስሳል። ይህ ፍሰት በዓይን የማይለዩ ጥቃቅን መስመሮችን ገጹ ላይ ይተዋል። አዲስ ሳንቲም መብራት ሥር ሲያዘነብሉት የብርሃን ጨረር መሃሉ ላይ እንደተተከለ ሆኖ የሚዞረው በእነዚህ መስመሮች ምክንያት ነው። ጨርቅ፣ ብሩሽ፣ የጥርስ ሳሙና፣ አመድ ወይም ቤኪንግ ሶዳ ሲያሹበት መስመሮቹ ይደመሰሳሉ፤ በምትካቸውም ወደ አንድ አቅጣጫ የተሰመሩ ጭረቶች ይቀራሉ። ሎሚና ኮምጣጤ ደግሞ የላይኛውን ንጣፍ ራሱን ያሟሟሉ። በሎሚ የታጠበ የመዳብ ሳንቲም ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ጤነኛ ያልሆነ ቀይ የሚሆነው ስለዚህ ነው። ለብር ጌጥ ማጽጃ ተብሎ የሚሸጠው ፈሳሽም ጥቁረቱን የሚያነሳው ከብሩ ላይ ስስ ንጣፍ ይዞ ነው። የወይራ ዘይትም እንደሚባለው ምንም ጉዳት የሌለው አይደለም፤ በውስጡ ያለው የቅባት አሲድ መዳብን ቀስ በቀስ ያጠቃል። የጠፋ ገጽ አይመለስም። የታሸ ሳንቲም ከሃያ ዓመት በኋላም የታሸ መሆኑ ይታወቃል፤ ገዢም ዋጋውን በግማሽና ከዚያ በላይ ይቀንሳል።

የሚፈቀደው ሁለት ነገር ነው። የላላ አፈር ያለበትን ዲስቲልድ ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍ፣ ውሃውን በየቀኑ መቀየር፣ ከዚያም ሳያሹ በለስላሳ ጨርቅ እየጫኑ ማድረቅ። የብረትና የዚንክ ሳንቲም ግን ውሃ ውስጥ አይቆይ፤ ይዝጋል ወይም ነጭ ዱቄት ያወጣል።

ሁለተኛው ንጹሕ አሴቶን ሲሆን ሙጫ፣ ቅባትና የፕላስቲክ ቅሪት ያሟሟል፤ ብረቱን አይነካም። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አይተካውም፤ ቀለም፣ ሽቶና ቅባት ተጨምሮበታል። ሁለት የብርጭቆ ዕቃ ያዘጋጁ፣ ፕላስቲኩን ሊያሟሟው ይችላልና። በአንደኛው ሳንቲሙን ለ15 ደቂቃ ያህል ይዘፍዝፉ፣ ወደ ሁለተኛው አዲስ አሴቶን አሻግረው ያለቅልቁ፣ ከዚያ አውጥተው በራሱ እንዲደርቅ ይተዉት። አሴቶን በቀላሉ በእሳት ይያያዛል፤ መስኮት ይከፈት፣ ምድጃም ሲጋራም አጠገቡ አይኑር። ቀለም የተቀባ መታሰቢያ ሳንቲም አይግባበት፤ ቀለሙ ይለቃል።

ብሩ ጠቁሯል፣ መዳቡ አረንጓዴ ሆኗል። ተበላሸ ማለት ነው?

ሁሉም አንድ አይደለም። የብር ጥቁረት በአየር ውስጥ ካለ የድኝ ውህድ የሚመጣ ስስ ሽፋን ነው። እኩል የተሰራጨ ከሆነ ሳንቲሙ እንዳልተነካካ ይመሰክራል፤ ሰብሳቢዎችም ይወዱታል። መዳብ ላይ የረጋ ጠንካራና ለስላሳ አረንጓዴም እንዲሁ ይተዋል።

አሳሳቢዎቹ ሁለት ናቸው። አንዱ የሚያጣብቅ አረንጓዴ ዝልግልግ ሲሆን ከመጥፎ ፕላስቲክ የመጣ ነው፤ በቶሎ አሴቶን ውስጥ ይግባ። ሌላው የነሐስ በሽታ ይባላል፤ በተለይ ከመሬት በወጡ ጥንታዊ ሳንቲሞች ላይ ይታያል። ፈዛዛ አረንጓዴ ዱቄት በነጠብጣብ ይወጣል፣ በጥርስ እንጨት ሲነካ ይረግፋል፣ ከቀናት በኋላ እዚያው ቦታ ተመልሶ ይመጣል። መንስኤው ብረቱ ውስጥ የቀረ ክሎራይድ ከእርጥበት ጋር መገናኘቱ ነው። እንዲህ ያለውን ሳንቲም ከሌሎቹ ይለዩ፣ እርጥበት የሚመጥ ሲሊካ ጄል ባለበት የታሸገ ዕቃ ውስጥ በደረቁ ያቆዩና ለባለሙያ ያሳዩ።

በምን ላስቀምጥ?

ዋናው ጠላት ፒቪሲ የሚባለው ልል ፕላስቲክ ነው። ርካሽ የአልበም ኪሶች ብዙ ጊዜ ከእሱ ይሠራሉ። ፕላስቲኩን የሚያለሰልሰው ቅመም ከጊዜ በኋላ ይወጣል፤ ፒቪሲው ራሱም ሲፈርስ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ይለቅቃል። የጥርጣሬ ምልክቱ በጣም ልል መሆኑና ሲከፈት አዲስ የዝናብ ልብስ የመሰለ ጠረን መስጠቱ ነው። ለማረጋገጥ ባዶ የመዳብ ሽቦ በእሳት አግለው የኪሱን ጥግ ይንኩበት፣ ሽቦውን መልሰው ነበልባል ውስጥ ያስገቡት። ነበልባሉ ደማቅ አረንጓዴ ከሆነ ክሎሪን አለበት። ጭሱ ስለሚጎዳ ይህን ከቤት ውጭ ያድርጉ።

ደህናዎቹ ማይላር (ጥርት ያለ የፖሊስተር ፕላስቲክ)፣ ፖሊፕሮፒሊንና ጠንካራው የአክሪሊክ ካፕሱል ናቸው። ማይላር መስኮት ያለው በስቴፕል የሚዘጋ ካርቶንም ይሠራል፤ ሁለት ነገር ግን አይርሱ። የካርቶኑን ብናኝ በአየር መንፊያ ያራግፉ፤ መዳብ ላይ ካረፈ ጥቁር ነጥብ ይሆናል። የስቴፕሉን ሁለት እግሮች በፒንሳ ይደፍጥጡ፤ ያልተደፈጠጠ እግር ከላዩ የተደረደረውን ሳንቲም ይጭራል።

ጎማ ላስቲክ፣ ጋዜጣና የሱፍ ጨርቅ ድኝ አላቸው፤ አጠገቡ አይቀመጡ። አዲስ የእንጨት ሣጥን አሲድ ሊያተን ስለሚችል በቀጥታ አይጠቀሙበት። የአየር እርጥበት ከ50 በመቶ በታች ቢሆን ጥሩ ነው። ሲሊካ ጄሉን ቀለሙ ሲቀየር ያድርቁት ወይም ይተኩት፤ ከጠገበ በኋላ ጥቅም የለውም።

የሳንቲም ደረጃ የሚባለው ምንድን ነው?

የገጹ ይዞታ መለኪያ ነው። በሰፊው የሚሠራበት ከ1 እስከ 70 የሚሄደው መለኪያ ሲሆን ዊሊያም ሼልደን በ1949 ለጥንቶቹ የአሜሪካ ትላልቅ የአንድ ሴንት ሳንቲሞች ያወጣው ነው። 1 ላይ የምን ሳንቲም እንደሆነ ብቻ ይለያል፤ 12 ላይ ዋናው ንድፍ ተበልቶም ግልጽ ነው፤ ከ40 እስከ 45 መበላቱ ከፍ ያሉ ቦታዎች ላይ ብቻ ነው፤ ከ50 እስከ 58 የአጠቃቀም ዱካው ለጥቂት ይታያል፤ 60 እና ከዚያ በላይ ገበያ ላይ ያልዋለ ነው። የሚመረመሩት ከፍ ያሉት ነጥቦች ናቸው፦ ከጆሮ በላይ ያለው ፀጉር፣ ጉንጭ፣ የንስር ደረት። እዚያ ነጸብራቁ ጠፍቶ ደብዘዝ ካለ ተሠርቶበታል።

ቁጥሩን ብቻ አይከተሉ። 60 የሚባል ሳንቲም ባይሠራበትም በከረጢት ውስጥ እርስ በርሱ ተጋጭቶ የተጠቃቀሰ ሊሆን ይችላል፤ 58 የሆነው ብዙ ጊዜ ያምራል፣ ዋጋውም ይቀንሳል። ለጀማሪ 58 ግሩም ግዢ ነው። «ፕሩፍ» የሚባለው ደግሞ ደረጃ አይደለም፤ በተወለወለ ማተሚያ፣ በተወለወለ ጥሬ (ገና ንድፍ ያልተመታበት ክብ ብረት) ላይ፣ ከአንድ ጊዜ በላይ ተመትቶ መሠራቱን የሚገልጽ ነው።

ፒሲጂኤስና ኤንጂሲ የመሳሰሉ ድርጅቶች ሳንቲሙን ደረጃ ሰጥተው በፕላስቲክ ያሽጋሉ። ማሸጊያው ራሱ በሐሰት ስለሚሠራ ቁጥሩን በድርጅቱ ድረ ገጽ ያረጋግጡ፤ ፎቶ ካለ በእጅዎ ካለው ጋር ጭረት በጭረት ያነጻጽሩ።

ሐሰተኛን በምን እለያለሁ?

በአንድ ምርመራ አይደለም፤ በቅደም ተከተል ነው። ክብደትና ስፋት ከካታሎጉ ጋር ይመሳከር። የጠገራ ብር ክብደት 28.07 ግራም ያህል ነው። ጥቂት የተበላ ሳንቲም በትንሹ ሊያንስ ይችላል፤ ሁለት ግራም ካነሰ ወይም ከበለጠ ግን ሌላ ነገር ነው።

ቀጥሎ ማግኔት። ወርቅ፣ ብርና መዳብ አይሳቡም። ንጹሕ ኒኬል ይሳባል፤ 75 በመቶ መዳብና 25 በመቶ ኒኬል የሆነው ቅይጥ ግን አይሳብም። የ1943 የአሜሪካ የአንድ ሴንት (የዶላር አንድ መቶኛ) ሳንቲም ጥሩ ምሳሌ ነው። በዚያ ዓመት የተመታው ዚንክ የተቀባ ብረት ሲሆን 2.7 ግራም ይመዝናል። በስሕተት በነሐስ የተመቱት በጣም ጥቂቶች ብርቅ ናቸው፤ ክብደታቸው 3.11 ግራም ነው። ስለዚህ ብረቱን መዳብ ቀብተው የሚሸጡ አሉ፤ ማግኔት ወዲያው ያጋልጠዋል። 1948 የሚለውን 8 ፍቀው 3 የሚያስመስሉትን ግን ማግኔት አይይዝም፤ አኃዙን በመነጽር ማየት ያስፈልጋል።

ሦስተኛ ጠርዙ። በሻጋታ የተቀዳ ሳንቲም ዙሪያውን የመጋጠሚያ መስመር ወይም ያንን ለማጥፋት የተሞረደ ዱካ አለው። ገጹ ላይ የአየር አረፋ የተዋቸው ጥቃቅን ጉድጓዶች ይታያሉ፤ የፊደላቱም ጠርዝ ይልማል።

አራተኛው የጥግግት (ብረቱ እኩል መጠን ካለው ውሃ ስንት እጥፍ እንደሚከብድ የሚለካ) ምርመራ ነው፤ ቤት ውስጥ ይሠራል፣ ብዙ ሐሰተኛም ይጥላል። ሳንቲሙን በደረቁ መዝኑ፤ 28.07 ወጣ እንበል። ግማሽ የሚደርስ ውሃ ያለበትን ብርጭቆ ሚዛኑ ላይ አስቀምጠው ወደ ዜሮ ይመልሱት። ሳንቲሙን በቀጭን ክር አስረው ሙሉ በሙሉ ውሃው ውስጥ ያንጠልጥሉት፤ የብርጭቆውን ግርጌም ጎኑንም አይንካ፣ የአየር አረፋም አይያዝበት። ሚዛኑ 2.75 ቢያሳይ 28.07ን ለ2.75 ሲያካፍሉ 10.2 ይመጣል። የጠገራ ብር 83.3 በመቶ ብር፣ የቀረው በአብዛኛው መዳብ ስለሆነ ሊመጣ የሚገባው ይኸው ነው። ንጹሕ ብር 10.49፣ መዳብ 8.96፣ እርሳስ 11.34፣ ዚንክ 7.14 ነው። ለወርቅ ይህ ብቻ አይበቃም፤ የወርቅ 19.3፣ የተንግስተን 19.25 ስለሆነ አይለያዩም።

ስሕተት ያለበት ሳንቲም አገኘሁ። ውድ ነው?

አብዛኛው ከማተሚያ ቤት ከወጣ በኋላ የደረሰ ጉዳት ነው። ፊቱም ጀርባውም አንድ የሆነ ሳንቲም ለአስማት ማሳያ ከሁለት ሳንቲም ተቦርቡሮ የተገጠመ ነው፤ ከጠርዙ ውስጠኛ ዙሪያ ስፌቱን ይፈልጉ። ፊደሉ ድርብ ከሆነ ቅርጹን ይዩ። ሁለተኛው ፊደል ዝቅ ብሎ እንደ ደረጃ ጠፍጣፋ ከሆነ ማተሚያው ሲመታ ተንቀሳቅሶ ነው፤ ዋጋ አይጨምርም። ሁለቱም እኩል ከፍታና ክብ ገጽ ካላቸው፣ የፊደሉ ጫፍም ከተሰነጠቀ፣ ማተሚያው ራሱ ሲቀረጽ የተደረበ ነው፤ እሱ ይፈለጋል።

የገጾቹ አቀማመጥም ይታይ። ሳንቲሙን ላይና ታች ጠርዙን ይዘው እንደ በር ያዙሩት። በእንግሊዝና በዩሮ ሳንቲም ጀርባው ቀጥ ብሎ ይወጣል፤ በአሜሪካኑ ተገልብጦ ይወጣል። ከዚህ በግልጽ ያጋደለ ሳንቲም ካገኙ ወይ የማተሚያ ስሕተት ነው፣ ወይ ሐሰተኛ ነው፤ ክብደቱን መዝነው ይለዩ።

ጥንታዊ ሳንቲም ቢቀርብልኝ ልግዛ?

ከየት እንደመጣ የሚያስረዳ ወረቀት ከሌለው አይግዙ። የዩኔስኮ የ1970 ስምምነት የባህል ቅርስ በሕገ ወጥ መንገድ ከአገር እንዳይወጣና እንዳይሸጥ ይከለክላል። በብዙ አገሮችም ከመሬት የወጣ ጥንታዊ ሳንቲም የመንግሥት ንብረት ነው። ከሕጉ ሌላ የሚያሳዝን ጉዳትም አለ። የአክሱም ነገሥታት ከሦስተኛው መቶ ዓመት ጀምሮ በወርቅ፣ በብርና በነሐስ መትተዋል። እንዲህ ያለ ሳንቲም ከየትኛው ንጣፍ፣ ከምን ጋር እንደተገኘ ከተመዘገበ ስለ ንግድና ስለ ዘመን ብዙ ያስረዳል፤ ተቆፍሮ በኪስ ከወጣ ግን ያ መረጃ ለዘለዓለም ይጠፋል። እርሻ ወይም ግንባታ ላይ ካገኙ ሳያጸዱና ሌላ ሳይቆፍሩ፣ ቦታውን ፎቶ አንስተው ለቅርስ መሥሪያ ቤት ያሳውቁ።

መዝገብ ላይ ምን ልጻፍ?

አገር፣ ሳንቲሙ ላይ የተጻፈው ዋጋ፣ ዓመት፣ የማተሚያ ቤት ፊደል፣ የኬኤም ቁጥር፣ ራስዎ የመዘኑት ክብደትና የለኩት ስፋት፣ ደረጃ፣ ከማን፣ መቼና በስንት እንደተገዛ። የሁለቱንም ገጽ ፎቶ ከጎን በሚመጣ ብርሃን ያንሱ፤ ቢሰረቅ የእርስዎ መሆኑን የሚያረጋግጠው የጭረቶቹ አቀማመጥ ነው። መዝገቡና ፎቶው ከሳንቲሞቹ ጋር በአንድ ሣጥን ውስጥ አይቀመጡ፤ አንዱን ቅጂ ሌላ ቦታ ያኑሩ።